ከልክ በላይ፦ ዜሮ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የእርባታው ሠራተኛ በሙሉ ሰሌዳው ፊት ይሰለፋል። ሰሌዳው በመለኪያው አዳራሽ ውስጥ ከበሩ አናት ላይ ተሰቅሎ ቀይ ቁጥር ያበራል። የፈረቃው ኃላፊ ጉሮሮውን ጠርጎ «ትናንት የተለካ፣ ሁለት መቶ አሥር ሺህ። ከልክ በላይ፣ ዜሮ» ብሎ ያነባል። ሠራተኛው ያጨበጭባል። ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ይበተናል። ይህ ሥርዓት ከተጀመረ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በስድስት ዓመት ውስጥ ከዜሮ ሌላ የተነበበ ቁጥር የለም፤ ያላጨበጨበ ሰውም የለም።

ሽታዬ የምትቆመው ከሰልፉ መጨረሻ ነው። መጥረጊያዋን በብብቷ ሸጉጣ ስለምታጨበጭብ ጭብጨባዋ እምብዛም አይሰማም። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እዚህ ግቢ ስትጠርግ ሰባት ዓመት ሞላት። አለቆቿ ስሟን የሚያስታውሱት አንድ ነገር ሲፈስ ብቻ ነው። እሷም በዚህ ቅር ብሏት አያውቅም፤ ሰው የማያያት መሆኗ ብዙ ነገር እንድታይ ረድቷታል።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ስልሳ ስድስት ነው። በቆቦ ሜዳ ላይ፣ ድሮ ከብት በሚሰማራበት ቦታ፣ አንበጣ ይረባል። የትምህርት ቤት ዳቦ በአንበጣ ዱቄት ይጋገራል። ዶሮው የሚቀለበው አንበጣ ነው፤ የሕፃናት ገንፎ ላይም አንድ ማንኪያ ይጨመርበታል። መጀመሪያ ላይ አፉን የያዘ ሰው ነበር። ዱቄት ሆኖ በከረጢት ሲመጣ ግን ማን ይጠይቃል? አዛውንቶቹም «ድሮ እሱ በላን፤ አሁን ተራው የኛ ነው» እያሉ ይሳሳቃሉ።

አንበጣው ግን ያ የድሮው አይደለም። አንበጣ ከስድስት እግሮቹ የኋለኞቹ ሁለቱ ረጃጅም፣ ጭናቸውም ወፍራም ነው። እንዲያ አርዝሞ ለዝላይ የሚያሰናዳቸው ገና በእንቁላል ውስጥ ሳለ የሚሠራ አንድ ዘረመል ነው። ሳይንቲስቶቹ ያንን ዘረመል በኋላ እግር ላይ ብቻ ጉልበቱን ቀነሱበት። እግሩም እንደ ፊተኞቹ አጭርና ቀጭን ሆኖ ቀረ። አንበጣ ለመብረር መጀመሪያ መዝለል አለበት፤ መዝለል ያቃተው ክንፍ ቢኖረውም ከመሬት አይነሳም። ስለዚህ የበረቶቹ ግንብ ከሰው ጉልበት አይበልጥም። አራት ሚሊዮን ነፍስ በዚያ ግንብ ውስጥ ይርመሰመሳል፤ ድምፁ ዱቄት በወንፊት ሲነፋ የሚሰማው ዓይነት ነው። ከላይ በሕጉ መሠረት መረብ ተዘርግቶበታል። ያገሬው ሰው ስም አውጥቶለታል፤ «አጭሬ» ይለዋል።

በየጠዋቱ የደረሱት አጭሬዎች ከበረት እየተነዱ ማጓጓዣ ቀበቶ ላይ ይወጣሉ። ቀበቶው አሥር ሜትር ያህል ይወስዳቸውና ካሜራ ወዳለበት ሳጥን ያስገባቸዋል። ካሜራው የእያንዳንዱን ጭን ይለካል። ከአሥራ ሁለት ሚሊሜትር የበለጠ ከልክ በላይ ነው። ከካሜራው ቀጥሎ በረዶ ክፍሉ ነው፤ ከዚያ ወፍጮው። ከቀበቶው ወርዶ ወለል የነካ ለምግብ ስለማይሆን ተጠርጎ ይቃጠላል። አይቆጠርም፣ አይለካም። በመመሪያው ላይ ስሙ «ጥራጊ» ነው።

ጥራጊውን የምታውቀው ሽታዬ ብቻ ናት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የምትጠርገው ከቀበቶው ሥር ያለውን ብቻ ነበር። ኋላ አንድ እርምጃ ራቅ ብላ መጥረግ ጀመረች። አምና ሁለት እርምጃ ሆነ። ዘንድሮ፣ በጥቅምት ወር መጨረሻ፣ የምታፍሰው ከማዶኛው ግድግዳ ሥር ሆነ። የወደቀ ነገር ከወደቀበት ሥር ይገኛል። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ መጥረግ ይበቃል።

ሰኞ ጠዋት ከቀበቶው ሥር አንድ፣ ከግድግዳው ሥር ደግሞ ሌላ አንበጣ አነሳች። ከመጥረጊያዋ ሁለት ስንደዶ ሰብራ በየጭናቸው ልክ ቆረጠች። ሁለቱን መዳፏ ላይ አጋድማ ስታያቸው አንደኛው የሌላው እጥፍ ነበር። ከግድግዳው ሥር ያነሳችው መዳፏን በእግሩ ገፍትሮ ሲስፈነጠር ደነገጠች። በዕድሜዋ አንበጣ ሲዘል ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

የእርባታው ሥራ አስኪያጅ አቶ ኤልናታን ይባላል። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሰው የማያመናጭቅ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ሽታዬ ቢሮው ገብታ አንበጦቹን በጀሪካን፣ ስንደዶዎቹን በወረቀት አቀረበችለት።

«እነዚህን ከየት አመጣሻቸው እትዬ ሽታዬ?»

«ከወለሉ ነዋ። ከግድግዳው ሥር።»

«እንግዲህ ወለል ላይ ያለው ጥራጊ ነው። እኔ የማውቀው ካሜራው የለካውን ነው። ካሜራው ዜሮ ብሏል።»

«ካሜራው ጋ ሳይደርሱ ዘለው ይወርዳሉ እኮ! ካሜራው የሚያየው መዝለል ያቃተውን ብቻ ነው። ቤት የቀረውን ሰው ቆጥሮ ‹ከዚህ ቤት የወጣ የለም› እንደማለት ነው እኮ የሆነው።»

ኤልናታን ጀሪካኑን ብድግ አድርጎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ውስጥ የነበረው ረጅም እግር ጧ ብሎ ፕላስቲኩን መታው። ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ መለሰው።

«ረቡዕ እንግዶች ይመጣሉ» አለ። «ለስድስት ዓመት ዜሮ ስላስመዘገብን ከሐሙስ ጀምሮ ያለ መረብ እንድንሠራ ሊፈቀድልን ነው። በአገሪቱ የመጀመሪያው። ለእንግዶቹ ግቢው እንዲያምር የምሥራቁን መረብ ዛሬ ማውረድ ተጀምሯል። ገባሽ? ከነገ ጀምሮ አንቺ የምትጠርጊው የውጭውን በር ነው።»

ሽታዬ ጀሪካኗን አንስታ ወጣች። ንድድ ብሏት ነበር። የበለጠ ያናደዳት ወደ ውጭው በር መባረሯ አልነበረም፤ ሰውየው እንደገባው ማወቋ ነው።

ከእርባታው በስተምሥራቅ እስከ ተራራው ግርጌ ድረስ ማሽላ ነው። ደጋሌት የሚባለው የቆቦ ማሽላ ራሱን ደፍቶ መቅላት ጀምሯል፤ ሊታጨድ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የሽታዬ ባል ሞላ እርሻው መሐል በእንጨት የተሠራ ማማ ላይ ቆሞ ወፍ በወንጭፍ ይጠብቃል። ማታ እራት ላይ ነገረችው።

«አጭሬ ሊዘል!» ብሎ ሳቀ። «ደግሞ ነገ ዶሮዬ አነጠሰች በይኝ።»

«ሞላ፣ የምሬን ነው።»

«የተማረ ሰው በካሜራ አይቶ ዜሮ ያለውን አንቺ በመጥረጊያ አየሁት ትያለሽ። እንዲያው ሰው ፊት እንዳትናገሪው። ይስቁብሻል።»

ማክሰኞ ጠዋት ሰሌዳው ፊት እንደ ሌላው ቀን ተሰለፉ። «ከልክ በላይ፣ ዜሮ» ተባለ። ተጨበጨበ። ሽታዬ መጥረጊያዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች።

የፈረቃው ኃላፊ አያት። «እትዬ፣ ምነው አታጨበጭቢም?»

«መጥረጊያ ይዣለሁ።»

«ሁሌስ ይዘሽ አይደል እንዴ የምታጨበጭቢው?»

«ዛሬ ከበደኝ» አለች፤ ድምፅዋን ሳትቀንስ። ሰልፉ ዞሮ አያት። ማንም አልሳቀም። ያን ቀን ከምሳ በፊት በግቢው ውስጥ ሽታዬ አላጨበጨበችም የሚለውን ያልሰማ አልነበረም።

ረቡዕ እንግዶቹ መጡ። አዳራሹ ተወልውሏል፣ ለስላሳ መጠጥ ተደርድሯል። በምሥራቅ በኩል ያለው መረብ በሙሉ ወርዶ በጥቅል ተቀምጧል። ከእንግዶቹ ሁሉ ትልቋ ዶክተር ኢፍቱ ናቸው፤ ጠጉራቸው ነጭ፣ አረማመዳቸው ዝግ ያለ። ከሠላሳ ዓመት በፊት የአንበጣውን እግር ያሳጠሩት እሳቸው ናቸው እየተባለ በሹክሹክታ ይወራል። ኤልናታን ስለ ስድስቱ ዓመት ዜሮ ንግግር እያደረገ ሳለ ሽታዬ የውጭውን በር ትታ መጣች፤ ጀሪካኗን ከበሩ ሥር አስቀምጣ፣ መጥረጊያዋን እንደያዘች፣ ወደ አዳራሹ ገባች። ዘበኛው ክንዷን ያዛት።

«ዶክተር» አለች ከዚያው ሆና፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ይጠይቁ» አሉ ዶክተሯ።

«እትዬ ሽታዬ፣ አሁን ጊዜው አይደለም» አለ ኤልናታን።

«ይጠይቁ አልኩ እኮ።»

ዘበኛው ለቀቃት። «የበረደ አንበጣ ይዘላል?»

«አይዘልም። ሲበርደው አይንቀሳቀስም።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ተለክቶ ኋላ ለምን ይበርዳል? ከካሜራው በፊት ያለችውን አሥር ሜትር ይዩልኝ። መዝለል የቻለ ካሜራውን ይጠብቃል እንዴ?»

ዶክተር ኢፍቱ ቀበቶውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። ከዚያ ማንንም ሳያናግሩ ወደ ማዶኛው ግድግዳ ሄደው በዝግታ ጎንበስ አሉ። አዳራሹ ዛሬ ስለተወለወለ ወለሉ ባዶ ነበር። ግድግዳው ላይ ግን፣ ከጉልበታቸው ከፍ ብሎ፣ ትንንሽ ቡናማ ነጠብጣቦች ነበሩ፤ አንበጣ ሲደነግጥ ከአፉ የሚተፋው። ዶክተሯ በጣታቸው ነክተው አሸተቱት።

«ከበረቱ አራት ሺህ በተዘጋ ሳጥን ቅዱ» አሉ። «ቀጥታ ወደ በረዶ ክፍል። ከዚያ ቀበቶው ላይ በትኗቸው።»

«ዶክተር፣ መመሪያው በቁማቸው ይለኩ ነው የሚለው» አለ ኤልናታን።

«መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሃያ ደቂቃ ፈጀ። እንግዶቹ ለስላሳቸውን ይዘው ቆሙ። ቀበቶው ሲነሳ አንበጦቹ እንደ ደረቀ ቅጠል ተጋድመው አለፉ። ሰሌዳው ዜሮ ላይ ቆየ። ከዚያ አንድ አለ። ዘጠኝ። ስልሳ አራት። ሁለት መቶ። መጨረሻ ላይ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ላይ ቆመ። ከኋላ አንድ ሠራተኛ ልማድ ሆኖበት አንድ ጊዜ አጨብጭቦ እጁን አየር ላይ አስቀረ።

ሽታዬ በልቧ አሰላችው። ከአራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ከሆነ፣ ከአራት ሚሊዮን ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ነው። መጥረጊያዋን ተደገፈች።

ከእንግዶቹ አንዱ «እንዴት ሊሆን ቻለ?» ብሎ ጠየቀ። ዶክተር ኢፍቱ የመለሱት ለእሱ ሳይሆን ለሽታዬ ነበር። «ዘረመሉን አዳከምነው እንጂ አላጠፋነውም። ከሚሊዮን አንድ ሁለቱ ላይ ጉልበቱ ተመለሰ፤ እግራቸው ረዘመ። ከበረት ስትነዱ መዝለል የቻለው እየዘለለ ወደኋላ ይቀራል። የቀረው ደግሞ እንቁላል የሚጥለው ነው። በየትውልዱ አጭሩን ፈጭተን ረጅሙን አረባን። በገዛ እጃችን።» ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

ከዚያ በር ተዘግቶ ስብሰባ ተደረገ። ሽታዬን አስጠሯት። ኤልናታን አንድ ወረቀት ከፊቷ አስቀመጠ።

«ፈቃዱ ቀርቷል» አለ። «የወረደውን የምሥራቅ መረብ መልሶ ለመወጠር ግን ስድስት ቀን ይፈልጋል። ለሕዝቡ የሚነገረው ፈቃድ ሰጪው ኮሚቴ ከተሰበሰበ በኋላ ነው፤ አሥር ቀን ገደማ። እስከዚያ ምንም እንዳትናገሪ እዚህ ላይ ትፈርሚያለሽ። ሽብር እንዳይነሳ ነው።»

«ስድስት ቀን ክፍት ሆኖ አሥር ቀን ዝም ልበል? ማሽላው እኮ እዚህ አጠገባችሁ ነው ያለው!»

«ላይነሱ ይችላሉ። ገና አልበረሩም።»

ሽታዬ ወደ ዶክተር ኢፍቱ ዞረች። «እርስዎም እንዲህ ነው የሚሉት?»

ዶክተሯ እጃቸውን አዩ። «እኔ ብቻዬን የምወስነው አይደለም» አሉ።

«አልፈርምም» አለች ሽታዬ።

«ሥራሽን ታጫለሽ» አለ ኤልናታን።

«የቀጠራችሁኝ እንድጠርግ ነው፤ ዝም እንድል አይደለም።» መጥረጊያዋን ከግድግዳው አስደግፋ፣ ጀሪካኗን ከበሩ ሥር አንስታ ሄደች። የሚያቆማት አልነበረም፤ ዘበኛውም ዓይኑን ወደ ሌላ አዞረ።

ሞላ ከማማው ላይ ሆኖ ከሩቅ አያት። በዚህ ሰዓት ከሥራ መጥታ አታውቅም። ምን ሆንሽ ሳይላት መሰላሉን ወጥታ አጠገቡ ቆመች፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ በሜዳው ላይ ተጣራች።

«ወገኖቼ! ስሙኝ! አጭሬው እግር አውጥቷል! የምሥራቁ መረብ ወርዷል! ዛሬውኑ እጨዱ!»

በየማማው ላይ ያሉ ወፍ ጠባቂዎች ቀና አሉ። ሴቶች ከየቤቱ ወጡ። በቅርብ ያሉት ተሰበሰቡ፤ ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ሞላን ያያል፤ ሚስትህ ምን ነካት እንደማለት። ሞላ አፈረ።

«ኧረ ውረጂ» አላት በለሆሳስ። «ሁለት ሳምንት የቀረውን እህል አጭደን ምን ልንበላ ነው? ከፍሬው እኮ ገና ወተት የያዘ አለ።»

«ጭራሽ ከማጣት የተጨማደደ ፍሬ ይሻላል። በል እጅህን ስጠኝ» አለችና መዳፉን ይዛ ጀሪካኑ ላይ ለጠፈችው። ከውስጥ ጧ አለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጧ። የሞላ ፊት ተለወጠ። ሳቁ የት እንደገባ አልታወቀም።

ወርደው ጀሪካኑን ሰዉ መሐል አስቀመጡት። አንድ በአንድ እየመጣ እጁን አሳረፈ። አንዳንዱ ከንፈሩን መጠጠ፣ አንዳንዱ «ይህማ እንቁራሪት ነው» ብሎ ተከራከረ። ከሁሉ መጨረሻ አያ ይመር መጡ። በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት ያ ትልቁ የአንበጣ መንጋ ይህን ሜዳ ሲወርረው የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። እጃቸውን ጀሪካኑ ላይ አድርገው ቆዩ። ሲመታ ተሰማቸው። ዞረው ወደ ቤታቸው ሄዱና ማጭዳቸውን ይዘው ወጡ። የራሳቸውን እርሻ ከጫፍ ጀምረው ማጨድ ያዙ።

ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። ያለው ማጭድ አመጣ፣ የሌለው በቢላዋ ጀመረ። ጎረቤት ከጎረቤት በደቦ ተያይዞ ገባ። ጥሪው ከማማ ወደ ማማ እየተቀባበለ እስከ ተራራው ግርጌ ሲደርስ ሽታዬ ሰማችው፤ እንባዋም መጣ። ግማሹ ደስታ ነው፣ ግማሹ ፍርሃት። ብትሳሳት የዚህ ሁሉ ሰው ዓመት በእሷ አንገት ነው። ይህን እያወቀች ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ማጨድ ጀመረች።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የእርባታው መኪና መጣ። ኤልናታን ብቻውን ወረደ። ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ተጣብቋል። ወረቀት ይዞ በታጨደው አገዳ ላይ እየተደናቀፈ ወደ እሷ መጣ።

«እትዬ ሽታዬ፣ ምን አደረግሽ? አገሩን እኮ አመስሽው!»

አላቆመችም። አንድ ጭብጥ አጭዳ ከጎኗ አጋደመች። ሰባት ዓመት ሙሉ አለቃዋን አንቱ ስትል ኖራለች።

«ምን ፈልገህ ነው የመጣኸው ልጄ?» አለችው።

«ይህን ፈርሚ። ‹አንበጦቹን ከግቢው ውጭ ነው ያመጣሁት፣ ተሳስቻለሁ› ይላል። ሥራሽ ይመለስልሻል፤ ሰዉም ማጨዱን ያቆማል። ኮሚቴው በሥርዓቱ ያየዋል።»

«ዛሬ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ያየኸው ቁጥር ስንት ነበር?»

ኤልናታን ወረቀቱን ተመለከተ።

«ስንት ነበር?»

«ሦስት መቶ አሥራ ስምንት።»

«እንግዲያው አንተ ፈርምበት» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

ኤልናታን አልሄደም። ዙሪያውን ተመለከተ። ሜዳው ሙሉ ሰው ነበር፤ ጎንበስ ቀና የሚል ጀርባ ብቻ ነው የሚታየው። ድምፁ ዝቅ አለ። «ባይመጡስ? አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ፣ አንድም አንበጣ ባይነሳ፣ ለዚህ ሁሉ ሰው ምን ትያለሽ?»

ሽታዬ ቀና አለች። ወገቧን ይዛ ዓይን ለዓይን አየችው።

«እሰየው እላለሁ። ጥሬ ማሽላ ያሳጨደች እብድ ብለው ይስቁብኛል፣ ይረግሙኛልም፤ እችለዋለሁ። ደጃቸው ሄጄ ይቅርታ እላቸዋለሁ። ከመጡስ? አንተ ምን ትላቸዋለህ?»

ኤልናታን ወረቀቱን አጠፈው፤ እንደገና አጠፈው፤ ኪሱ ከተተው። መኪናው ውስጥ ገብቶ ትንሽ ተቀመጠ። ሲነሳ ግን የሄደው ወደ ቢሮው አይደለም። በምሥራቁ ግንብ አጠገብ አቁሞ ወረደና የተጠቀለለውን መረብ ጫፍ ይዞ መጎተት ጀመረ፤ ብቻውን፣ ለአሥር ሰው የሚከብደውን።

ሞላ ማጭዱን እንደያዘ አየው። «ልርዳው?» አላት።

«ሂድ» አለችው ሽታዬ። «አያ ይመርንም ጥራቸው፤ ሌላም ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ይሄን እኔ እጨርሳለሁ።» ጎንበስ ብላ ቀጣዩን አገዳ ያዘች።